አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር ሲሆን

ማኅበር የሚለውን ቃል ስንሰማ ወደ አሳባችን የሚመጣው የብዙ ሰዎች መሰብሰብ ነው። ጽዋ የሚጠጣው፣ ዕቁብ የሚጣለው፣ ዕድር የሚቆመው ሰው ከሰው ጋራ ሲሆን ነው እንጂ፣ አንድ ሰው ለብቻው ተቀምጦ «ማኅበርተኞች፣ እንደምን ሰነበታችሁ» ሲል አልተሰማም፤ ቢሰማም ዘመዶቹ ወደ ጠበል ይወስዱታል። በእንግሊዝ አገር ግን ይህ ነገር የተለመደና ሕጋዊ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያቋቁማል፤ የአክሲዮኑ ባለቤት እርሱ፣ ዲሬክተሩ እርሱ፣ ሠራተኛውም እርሱ ይሆናል። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን የሚያቀርበውም የሚያጸድቀውም እርሱው ነው፤ ትርፍ ካለ ደግሞ እርሱው ለራሱ ያከፋፍላል።

ይህን ጉዳይ ለዛሬ የመረጥነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕጋችን እንዲህ ያለውን ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰዎች ያስፈልጉ ነበር። ስለዚህ ብቻውን መሥራት የሚፈልግ ነጋዴ ሚስቱን ወይም ወንድሙን ወይም የአክስቱን ልጅ በጥቂት አክሲዮን አስገብቶ ቁጥሩን ይሞላ እንደ ነበረ በንግድ ዓለም ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ማለት አዋጅ ቁጥር 1243 ግን አንድ ሰው ብቻውን ማኅበሩን እንዲያቋቁም ፈቀደ። እንግዲህ ትምህርቱን ጨርሶ በራሱ ስም ሥራ ለመያዝ የሚያስበው ወጣት መሐንዲስም ሆነ፣ የዚያን መሐንዲስ ማመልከቻ በመዝገብ፣ በግብር ወይም በግዢ ክፍል የሚቀበለው ወጣት ባለሥልጣን፣ በዚህ መንገድ ቀድሞ የተጓዘው አገር ምን እንዳተረፈና ምን እንደ ገጠመው ቢያውቅ ይጠቅመዋል ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን አንድ ቃል እናቃና። በእኛ አገር ሥራ ተቋራጭ ሲባል በዓይናችን የሚታየን ሲሚንቶ፣ ብረትና አሸዋ የጫነ መኪና ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ተቋራጭ የሚባለው ሠሪ ብቻ አይደለም። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊው፣ በሰሜን ባሕር የነዳጅ ማውጫ ላይ የሚሠራው መሐንዲስ፣ ሌላ ሐኪም ዕረፍት ሲወጣ ተተክቶ የሚሠራው ሐኪም፣ የቴሌቪዥን ዜና አቅራቢው ሁሉ፣ በወር ደመወዝ ሳይቀጠሩ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ በውል ከገቡ ተቋራጮች ይባላሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ውሉን የሚፈርሙት በራሳቸው ስም ሳይሆን ባቋቋሙት ማኅበር ስም ነው።

የጫማ ሠሪው ክርክር

ነገሩ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ወደ አንድ ጫማ ሠሪ መመለስ ግድ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በምሥራቅ ሎንዶን፣ ዋይትቻፕል በሚባለው ሰፈር፣ አሮን ሰሎሞን የሚባል ቆዳ ነጋዴና ጫማ ሠሪ ነበረ። ለብዙ ዓመታት ብቻውን ነግዶ ሀብት አፈራ። ልጆቹ አድገው በሥራው ድርሻ እንዲሰጣቸው ቢጠይቁት፣ በሐምሌ ወር 1892 ንግዱን ወደ ማኅበር ለወጠው። ሕጉ በዚያን ጊዜ ሰባት ሰዎች እንዲፈርሙ ያዝዝ ስለ ነበረ፣ እርሱ፣ ሚስቱ፣ ሴት ልጁና አራት ወንዶች ልጆቹ ፈረሙ። ሰባት ሞላ። ከ20,007 አክሲዮኖች ውስጥ 20,001ዱ የአባትዮው ሲሆኑ፣ የቀሩት ስድስቱ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ነበራቸው።

ማኅበሩም የሰሎሞንን ንግድ ከሰሎሞን ገዛ፤ ዋጋውም ወደ 39,000 ፓውንድ የሚጠጋ ሆኖ፣ ከዚህ ውስጥ 10,000 ፓውንዱ በማኅበሩ ንብረት ላይ መያዣ ያለው የብድር ሰነድ ሆኖ ለሰሎሞን ተሰጠው። አንባቢያችን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስተውል። ሰሎሞን የማኅበሩ ባለቤት ብቻ ሳይሆን፣ ከሌላው ገንዘብ ጠያቂ ሁሉ በፊት የሚከፈለው አበዳሪም ሆነ ማለት ነው።

ብዙ ሳይቆይ ችግር መጣ። በጫማ ሥራ ላይ የሠራተኞች አድማ ተነሣ፤ ዋናው ደንበኛ የነበረው መንግሥትም ሥራውን በአንድ ሰው እጅ ከማስቀመጥ ይልቅ ለብዙ ፋብሪካዎች መከፋፈል ጀመረ። ሰሎሞን ማኅበሩን ለማዳን የብድር ሰነዱን ለሌላ ባለ ገንዘብ አስይዞ 5,000 ፓውንድ አምጥቶ አገባበት። አልዳነም። ንብረቱ ተሽጦ ለዚያ ባለ ገንዘብ ከተከፈለው በኋላ ወደ አንድ ሺህ ፓውንድ የሚሆን ተረፈ፤ ሰሎሞንም «ይህ በብድር ሰነዴ የሚገባኝ ነው» አለ። ለማኅበሩ በዱቤ የሸጡ ነጋዴዎች ግን ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ ሆነ።

የሒሳብ አጣሪው ክርክር ግልጽ ነበር፤ ይህ ማኅበር የሚባለው ሰሎሞን ራሱ ነው፣ ሌላ ካባ ለበሰ እንጂ ሌላ ሰው አልሆነም፣ ስለዚህ ዕዳውን ከኪሱ ይክፈል የሚል ነው። የመጀመሪያው ዳኛ ማኅበሩን የሰሎሞን ወኪል ነው ብለው ፈረዱበት። የይግባኙም ፍርድ ቤት ሚስትና ልጆች ለቁጥር ማሟያ የገቡ ናቸው፣ ሕጉም የወጣው ለእንዲህ ያለ ነገር አይደለም ብሎ ፍርዱን አጸናበት። ሰሎሞን በዚህ ጊዜ ድኽቶ ስለ ነበረ የመጨረሻውን ይግባኝ ያቀረበው ለድኾች በተፈቀደው ሥርዓት ነበር። በኅዳር ወር 1896 የሎርዶች ምክር ቤት ዳኞች ያለ ልዩነት ፍርዱን ገለበጡት። ያሉትም በአጭሩ ይህ ነው፤ ሕጉ ሰባት ባለ አክሲዮኖች ይኑሩ አለ እንጂ፣ ሰባቱ ዘመዳሞች አይሁኑ ወይም እኩል ድርሻ ይኑራቸው አላለም። ማኅበሩ በሥርዓቱ ከተመዘገበ በሕግ ፊት ሌላ ሰው ነው፤ ዕዳውም የእርሱ ዕዳ ነው። በዱቤ የሸጠው ነጋዴ ከማን ጋራ እንደሚነግድ ከመዝገቡ ማየት ይችል ነበር።

እኛ ስናስበው ዳኞቹ ሕጉን እንደ ተጻፈው ማንበባቸው ትክክል ይመስለናል። ነገር ግን ቆዳውን በዱቤ ያስረከበው ነጋዴ ወደ ሎንዶን ሄዶ መዝገብ ያገላብጥ ነበር ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ኦቶ ካሕን ፍሮይንድ የሚባሉት ታላቅ የሕግ ሊቅም በ1944 ይህን ፍርድ አጥብቀው ነቅፈውታል። የሆነ ሆኖ ፍርዱ እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል፤ የእንግሊዝን ሕግ በተከተሉ አገሮች ሁሉ የሕግ ተማሪ በመጀመሪያ ከሚማራቸው ክርክሮች አንዱ ነው። ሰባት የነበረውም ቁጥር በ1907 በወጣው ሕግ ለግል ማኅበር ወደ ሁለት ወረደ፤ በ1992 ደግሞ ከአውሮጳ ማኅበረሰብ በመጣ መመሪያ መሠረት ወደ አንድ ወረደ። ሚስትና ልጅ ለቁጥር መፈለጋቸው በዚያው ቀረ።

ምዝገባው

ዛሬ በእንግሊዝ አገር ማኅበር ማስመዝገብ ቤት ከመከራየት ይቀላል ለማለት ይቻላል። ማመልከቻው ካርዲፍ ከተማ ላለው የኩባንያዎች መዝገብ ቤት በኮምፒዩተር ይቀርባል፤ ብዙውን ጊዜ ባንድ ቀን ውስጥ የምስክር ወረቀቱ ይመጣል። የሚያስፈልገው ሌላ ሰው ያልያዘው ስም፣ በዚያ አገር ውስጥ ያለ አድራሻ፣ ዕድሜው ከ16 ዓመት ያላነሰ አንድ ዲሬክተርና ቢያንስ አንድ አክሲዮን ነው። አክሲዮኑ የአንድ ፓውንድ ቢሆን በቂ ነው። የመተዳደሪያ ደንብ ለማዘጋጀት ጠበቃ መቅጠር አያስፈልግም፤ ከሕጉ ጋራ የወጣውን ናሙና መቀበል ይቻላል።

ይህ ቀላልነት ግን ዋጋ አስከፍሏል። የመዝገብ ቤቱ ሹማምንት ለብዙ ዘመን የቀረበላቸውን ወረቀት ተቀብለው ከመመዝገብ በቀር፣ ስሙ እውነተኛ ነው ወይ፣ አድራሻው የማን ነው ብለው የመመርመር ሥልጣን አልነበራቸውም። የመመዝገቢያውም ዋጋ እስከ 2024 ጸደይ ድረስ 12 ፓውንድ ብቻ ነበር። አጭበርባሪዎች በማያውቋቸው ሰዎች ቤት አድራሻ ኩባንያ እያስመዘገቡ፣ ባለቤቶቹ የማያውቁት ዕዳ ደብዳቤ በበራቸው ይገባ ጀመር። በ2023 በወጣው ሕግ መዝገብ ቤቱ የመጠየቅና የመከልከል ሥልጣን ተሰጠው፤ ዋጋውም ጨመረ፤ ከኅዳር ወር 2025 ጀምሮ ደግሞ ዲሬክተር የሚሆን ሰው ሁሉ ማንነቱን እንዲያረጋግጥ ተደነገገ። መዝገብ የሚይዝ ወጣት ባለሥልጣን ይህን ታሪክ ልብ ብሎ ቢያነበው መልካም ነው። ያልተመረመረ መዝገብ ባዶ ከሆነ መዝገብ ይከፋል፤ ሰው አምኖት ይነግድበታልና።

ከተመዘገበ በኋላ ሥራው ይበዛል። ለማኅበሩ የራሱ የባንክ ሒሳብ ይከፈትለታል፤ ሥራ በጀመረ በሦስት ወር ውስጥ ለግብር መሥሪያ ቤት ይነገራል። ዓመታዊው ሒሳብ የበጀት ዓመቱ ካለቀ በዘጠኝ ወር ውስጥ ለመዝገብ ቤቱ መድረስ አለበት፤ ባንድ ቀን እንኳ ቢዘገይ 150 ፓውንድ ቅጣት ነው፤ ከስድስት ወር ካለፈ 1,500 ይሆናል። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ከ90,000 ፓውንድ በላይ የሸጠ ደግሞ ለተጨማሪ እሴት ታክስ መመዝገብ ግዴታው ነው። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ብቻውን እሠራለሁ ቢል ይችላል፤ ብዙዎቹ ግን ለሒሳብ ዐዋቂ ይከፍላሉ።

ስለምን በማኅበር ስም?

አንድ ፕሮግራም ጸሐፊ በራሱ ስም ተዋውሎ መሥራት ሲችል ይህን ሁሉ ጣጣ ስለምን ይገባበታል? የመጀመሪያው ምክንያት ብዙ ጊዜ ከእርሱ አይመጣም። በእንግሊዝ አገር ተቋራጩንና አሠሪውን የሚያገናኙ ድርጅቶች አሉ። በ1975 በወጣ ሕግ እነዚህ አገናኞች በራሱ ስም ለሚሠራ ሰው ክፍያ ሲፈጽሙ እንደ ተቀጣሪ ቆጥረው ግብር እንዲቀንሱ ታዘዙ፤ በማኅበር በኩል ለሚሠራው ግን ይህ ግዴታ አልነበረባቸውም። አገናኞቹም «ማኅበር ከሌለህ ሥራ የለንም» ማለት ጀመሩ። አሠሪውም ቢሆን ከማኅበር ጋራ ሲዋዋል፣ ሰውየው ነገ ተነሥቶ የዓመት ዕረፍትና የስንብት ክፍያ ይገባኛል ይለኛል ብሎ አይሠጋም።

ሁለተኛው ምክንያት ግብር ነው። ለምሳሌ ያህል በቀን 300 ፓውንድ የሚከፈለው፣ በዓመት 200 ቀን የሚሠራ ሰው እንውሰድ። ወደ ማኅበሩ 60,000 ፓውንድ ይገባል። ለሒሳብ ዐዋቂ፣ ለመድንና ለልዩ ልዩ ወጪ 4,000 ወጣ እንበል። ሰውየው ለራሱ 12,570 ፓውንድ ደመወዝ ይቈርጣል፤ ይህም ከገቢ ግብር ነጻ የሆነው ልክ ነው። ማኅበሩ እንደ አሠሪ ከ5,000 ፓውንድ በላይ ባለው ደመወዝ ላይ 15 በመቶ፣ ማለት ወደ 1,136 ፓውንድ የብሔራዊ መድን መዋጮ ይከፍላል። ከቀረው 42,294 ያህል ትርፍ ላይ 19 በመቶ የማኅበር ግብር ሲወጣ 34,258 ይተርፋል። ይህን እንደ ትርፍ ድርሻ ቢወስደው የመጀመሪያው 500 ፓውንድ ነጻ ሲሆን፣ በቀረው ላይ በ2025/26 የግብር ዓመት ልክ 8.75 በመቶ፣ ማለት ወደ 2,954 ፓውንድ ይከፍላል። ከደመወዙ ጋራ በእጁ የሚገባው 43,874 ፓውንድ ያህል ነው። በትርፍ ድርሻ ላይ የብሔራዊ መድን መዋጮ አለመኖሩ የነገሩ ቍልፍ ነው።

ያው 60,000 ፓውንድ እንደ ተቀጣሪ በሚያስከፍለው በሌላው መንገድ ቢሄድ፣ የአሠሪው መዋጮ፣ የሠራተኛው መዋጮና የገቢ ግብሩ ሲቀነስ በእጁ የሚደርሰው ወደ 41,200 ፓውንድ ነው። ልዩነቱ ወደ 2,700 ፓውንድ ብቻ ነው ማለት ነው። ቀድሞ ልዩነቱ ሰፊ ነበር፤ መንግሥት የማኅበሩንና የትርፍ ድርሻውን ግብር ደረጃ በደረጃ እያነሣ አጠበበው። በ2025 በቀረበው በጀት ደግሞ 8.75 የነበረው ከሚያዝያ 2026 ጀምሮ 10.75 በመቶ እንዲሆን ተወስኗል። እንግዲህ ጓደኛዬ ከብሮበታል የሚለውን የድሮ ወሬ ሰምቶ ማኅበር ለማቋቋም የሚሮጥ ሰው፣ መጀመሪያ እርሳስ ይዞ መቀመጥ ይገባዋል።

ዓርብ ወጥቶ ሰኞ የተመለሰው

በመጋቢት 1999 ጎርደን ብራውን በጀቱን ባቀረቡበት ቀን የግብር መሥሪያ ቤቱ ብዙ መግለጫዎች አወጣ፤ ከእነዚህ ውስጥ የ35ኛው ቁጥር የያዘችው ወረቀት እስከ ዛሬ በተቋራጮች ዘንድ በዚሁ «አይ አር 35» በሚለው ስሟ ትጠራለች። የነገሩ መነሻ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ዓርብ ማታ ከመሥሪያ ቤቱ ተሰናብቶ ይወጣል፤ ሰኞ ጧት በዚያው በር ይገባል፤ በዚያው ወንበር ይቀመጣል፤ ለዚያው አለቃ ያንኑ ሥራ ይሠራል። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደመወዙ የሚከፈለው ለእርሱ መሆኑ ቀርቶ ለማኅበሩ ሆኗል። ከሚያዝያ 2000 ጀምሮ የጸናው ሕግ፣ ማኅበሩ በመካከል ባይኖር ኖሮ ሰውየው ተቀጣሪ ይባል ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ይባል ከነበረ እንደ ተቀጣሪ ግብር ይክፈል ይላል።

መጠየቁ ቀላል ነው፤ መልሱ ግን ዳኞችን ሲያከራክር ኖሯል። ፍርድ ቤቶች ዛሬም የሚመለሱት በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ተሰጠ አንድ ፍርድ ነው። አንድ ሾፌር የተቦካ ሲሚንቶ የሚያመላልስ መኪና ነበረው። መኪናው የኩባንያውን ቀለም ተቀብቷል፤ ሾፌሩ የኩባንያውን የደንብ ልብስ ይለብሳል፤ መኪናውን ለሌላ ሥራ ማዋል አይፈቀድለትም። በሩቅ ለሚያየው ከተቀጣሪ በምን ይለያል? ዳኛው ግን መኪናውን በራሱ ዕዳ የገዛው እርሱ መሆኑን፣ ጥገናውንም የሚችለው እርሱ መሆኑን፣ ከሁሉም በላይ ሲያመው ወይም ሲደክመው ሌላ ሾፌር በራሱ ገንዘብ ሊተካ መቻሉን አይተው፣ የራሱ ነጋዴ ነው ብለው ፈረዱ። ከዚህ የተወሰደው መለኪያ ሦስት ነገር ነው፤ ሥራውን ራሱ ሰውየው መሥራት አለበት ወይስ ሌላ ሰው መላክ ይችላል፤ አሠሪው ሥራው እንዴትና መቼ እንደሚሠራ የማዘዝ ሥልጣን አለው ወይ፤ የቀረው የውሉ ነገርስ ከቅጥር ጋራ ይስማማል ወይ የሚል ነው።

ለዚህ ሁለት ሴቶችን እንጥቀስ፤ ሁለቱም በሬዲዮና በቴሌቪዥን የታወቁ ናቸው፤ ሁለቱም በማኅበራቸው በኩል ይሠሩ ነበር። የአንዲቱን ጉዳይ ያየው የግብር ችሎት በ2018 እንደ ተቀጣሪ መቈጠር ይገባት ነበር ብሎ ፈረደ፤ ከማኅበሯ የተጠየቀው ዕዳም ወደ 420,000 ፓውንድ የሚጠጋ ነበር። ሁለተኛይቱ ብዙ ዓመት ተከራክራ በ2023 ረታች፤ ለብዙ ድርጅቶች የሠራችና በራሷ ስም የምትነግድ መሆኗ ረዳት። ሥራቸው ሲታይ የእኅትማማች ያህል ይመሳሰላል። ፍርዱ ግን የተለያየ ሆነ፤ በእንዲህ ያለ ሕግ ውስጥ የሚኖር ሰው ሌሊት እንዴት ይተኛል ብለን ስንጠይቅ ቆይተናል።

መጀመሪያ ላይ ይህን ሚዛን የሚያነሣው ተቋራጩ ራሱ ስለ ነበረ፣ ብዙው ሰው ለራሱ አደላ። ስለዚህ ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ከሚያዝያ 2021 ጀምሮም በመካከለኛና በትልልቅ የግል ድርጅቶች፣ ውሳኔው ወደ አሠሪው ተላለፈ። የሚገርመው የተከተለው ነገር ነው። የሕጉ አውጪ የሆነው የመንግሥት ክፍል ራሱ ሚዛኑን ማንሣት አቃተው። የፓርላማው የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ በ2022 ባወጣው ዘገባ እንደ ገለጸው፣ የማዕከላዊ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን በተሳሳተ መንገድ በመመደባቸው በ2020/21 የበጀት ዓመት 263 ሚሊዮን ፓውንድ ግብር ባለዕዳ ሆኑ። የግል ድርጅቶችም ይህን አይተው ፈሩ፤ አንዳንዶቹ እያንዳንዱን ሰው መመርመሩን ትተው፣ ማኅበር ያለውን ተቋራጭ ሁሉ አንቀበልም አሉ።

እንዲህ የተከለከለው ሰው አሁን የሚሄደው «ጃንጥላ» ወደሚባሉት ኩባንያዎች ነው። ጃንጥላው ይቀጥረዋል፤ ከአገናኙ ገንዘቡን ይቀበላል፤ የአሠሪውን መዋጮ፣ የሠራተኛውን መዋጮ፣ ግብሩንና የራሱን አገልግሎት ዋጋ ቀንሶ የቀረውን ይሰጠዋል። ተቋራጮቹ በዚህ ላይ ምሬት አላቸው። በማኅበራቸው ሆነው በሕጉ የተያዙትም ቢሆኑ፣ ስንከፍል ተቀጣሪ፣ ስንጠይቅ ነጋዴ አደረጋችሁን ይላሉ፤ እንደ ተቀጣሪ ግብር የከፈለው ሰው ከአሠሪው ዘንድ የሕመም ፈቃድም ሆነ የስንብት ክፍያ በዚህ ሕግ አያገኝምና። ይህ አቤቱታ እውነት ያለበት ይመስለናል። ግብር ሰብሳቢው ሕግና የሥራ ሕጉ አንዱን ሰው በሁለት ዓይን ካዩት፣ በመካከል የሚወድቀው ሰውየው ነው።

ሁለቱ ኪሶች

ወጣቱ ተቋራጭ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ግን በትልቁ ክርክር ላይ ሳይሆን በትንሹ ነገር ነው። የማኅበሩ ገንዘብ የእርሱ ገንዘብ አይደለም። ማኅበሩ ሌላ ሰው ነው ተብሎ በሰሎሞን ክርክር የተፈረደው ፍርድ የሚጠብቀውን ያህል ያስረዋልም። ከማኅበሩ ሒሳብ ለሠርግ፣ ለቤት ኪራይ፣ ወደ አገር ቤት ለሚላክ ገንዘብ አንሥቶ ቢያወጣ፣ ደመወዝ ካልሆነና በሥርዓት የተወሰነ የትርፍ ድርሻ ካልሆነ ዲሬክተሩ ከማኅበሩ የተበደረው ይባላል፤ የበጀት ዓመቱ ካለቀ በዘጠኝ ወር ውስጥ ካልመለሰው ማኅበሩ ግብር ይከፍልበታል። የትርፍ ድርሻም የሚከፈለው ትርፍ ሲኖር ብቻ ነው። በባንክ ያለው ገንዘብ ሁሉ ትርፍ እንዳይመስለው፤ ከውስጡ ለሚመጣው ዓመት የሚከፈለው ግብር አለበት።

ኃላፊነቱ የተወሰነ የሚለውም ቃል እንደሚሰማው ያህል ወፍራም ግድግዳ አይደለም። ባንክ ለአዲስ ማኅበር ሲያበድር ዲሬክተሩ በራሱ ስም ዋስ እንዲሆን ይጠይቀዋል፤ ዋስ ከሆነ በኋላ ግድግዳው በዚያ ዕዳ በኩል ፈርሷል። በ1986 የወጣው የኪሳራ ሕግም፣ ማኅበሩ ከመክሰር እንደማይድን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው በዱቤ መግዛቱን የቀጠለ ዲሬክተር ከኪሱ እንዲከፍል ለማዘዝ ለፍርድ ቤት ሥልጣን ሰጥቷል። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ጥፋተኛው ከሁለት ዓመት ጀምሮ እስከ 15 ዓመት ድረስ ዲሬክተር እንዳይሆን ይከለከላል። ለሰሎሞን ቆዳ በዱቤ የሸጡት ነጋዴዎች በዘመናቸው ይህን አላገኙም።

ተቋራጩ ቋሚ ሥራ አግኝቶ ወይም ደክሞት ማኅበሩን መዝጋት ሲፈልግ ደግሞ ሌላ ማመልከቻ አለ። ሦስት ወር ያህል ሥራ ካቆመ በኋላ ለመዝገብ ቤቱ ይጽፋል፤ ለግብር መሥሪያ ቤትና ለገንዘብ ጠያቂዎች ሁሉ ቅጂ ይሰጣል፤ ማስታወቂያው በመንግሥት ጋዜጣ ይወጣል። ሁለት ወር ተጠብቆ ተቃዋሚ ካልመጣ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል። ከዚህ ቀን በፊት የባንክ ሒሳቡን ባዶ ማድረግ የባለቤቱ ሥራ ነው። ረስቶ 10 ፓውንድም ሆነ 10,000 ፓውንድ ትቶ ከተሰረዘ፣ ገንዘቡ ባለቤት እንደሌለው ንብረት ተቈጥሮ ለዘውዱ ይሆናል፤ ማኅበሩ በላንካሻየር ወይም በኮርንዎል የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ለዚያው ለየመስፍን ግዛቱ ይሆናል። ገንዘቤ ነው ብሎ ቢመጣ፣ መጀመሪያ ማኅበሩን እንደገና ወደ መዝገብ የሚያስመልስ ማመልከቻ አቅርቦ፣ ክፍያውንም ከፍሎ መጠበቅ አለበት።